ሕልም ተፈርቶ

አንዲት ሴት በሥራ ጠረጴዛዋ ላይ እንዳቀረቀረች እንቅልፍ ይጥላታል። በሕልሟም ግዙፍ፣ ቅጠሉ የተንዠረገገ ዛፍ ታያለች። ሕልሙ ገና ሳያልቅ ማሽኑ ይቀሰቅሳታል፤ ማለሟ ታውቋልና ሕልም የሚያግደውን ክኒን እንድትውጥ ያዛታል። ሴቲቱ ትእዛዙን ተቀብላ ትውጣለች። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፋና አዘጋጅታ ያቀረበችው «ፑምዚ» የተሰኘ አጭር ፊልም ከሚከፈትባቸው ትዕይንቶች አንዱ ይህ ነው።

ፊልሙን የሚያይ አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ቦታ ላይ «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» የሚለው የአበው ብሂል ሳይታወሰው አይቀርም። ብሂሉ ሰውን የሚያደፋፍረው እንቅልፍን መቅረት እንደማይቻል፣ ከእንቅልፍ ጋር ደግሞ ሕልም መምጣቱ እንደማይቀር በማመን ነው። በ«ፑምዚ» ዓለም ግን አስተዳዳሪዎቹ መላ አግኝተውለታል። እንቅልፍ ይፈቀዳል፤ ሕልም አይፈቀድም። ይህች ጥቂት ሰከንድ የማትሞላ ትዕይንት ከአንድ መቶ ገጽ የፖለቲካ ትንታኔ የበለጠ ትናገራለች። ፊልሙ ከተሠራ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቢያልፈውም ስለ ናይሮቢ የኪነ ጥበብ ሰዎችና ስለ መጪው ዘመን በተነሣ ቁጥር ከእርሱ መጀመር ግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው የውሃ ጦርነት ከተባለው ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት 35 ዓመት በኋላ፣ «የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት» በተባለ ስፍራ ነው። ምድሪቱ ደርቃለች። ከእልቂቱ የተረፉት ሰዎች «ማይቱ» በሚባል፣ ከውጭው አየር ተዘግቶ በታነጸ መኖሪያ ውስጥ ይኖራሉ። የሚጠጡት ውሃ በራሽን ይሰፈርላቸዋል፤ ላባቸውና ሽንታቸው ተጣርቶ ተመልሶ ይጠጣል። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኙትም ሰዎች በመሮጫ ማሽን ላይ ቀን ሙሉ እየሮጡ ከሚያመነጩት ጉልበት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አሻ (ተዋናይቷ ኩድዛኒ ሞስዌላ ናት) የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጠባቂ ናት። ሥራዋ የሞቱ ነገሮችን መታሰቢያ መጠበቅ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን የላኪው ስም የሌለው ጥቅል ይደርሳታል። በውስጡ አፈር አለ። ትመረምረዋለች፤ እርጥበት አለው። ከሙዚየሙ ካኖረችው ዘር አንዱን ትተክልበታለች፤ ይበቅላል። አፈሩ ወደ ተገኘበት ስፍራ ለመሄድ የመውጫ ፈቃድ ስትጠይቅ ምክር ቤቱ ውጭ ሕይወት የለም ሲል ይከለክላታል፤ ሙዚየሙ ይዘጋል፤ እርሷም ወደ መሮጫ ማሽኖቹ ትላካለች። በአንዲት የመጸዳጃ ቤት ሠራተኛ ረዳትነት አምልጣ ወደ በረሃው ትወጣለች። በመጨረሻም ችግኟን በአሸዋው ላይ ተክላ፣ የቀራትን ውሃና የገዛ ላቧን አጠጥታ፣ በገላዋ ጥላ ሆናላት ትተኛለች። ካሜራው ወደ ላይ ሲርቅ ዛፍ ይበቅላል።

እንግዲህ ምዕራባውያን ተቺዎች ይህን ፊልም የተቀበሉት በሁለት ቃላት ነው፤ አንዱ «አፍሮፊዩቸሪዝም»፣ ሌላው «ሥነ ምህዳር»። እ.ኤ.አ. በ2010 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ከታየ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው የመማሪያ ክፍል የገባውም በእነዚሁ በሮች ነው። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም። ይሁንና የኢትዮጵያን የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በሌላ ነገር ላይ ነው። «የመውጫ ቪዛ» በሚለው ላይ። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመንግሥትን ፈቃድ መለመን ለዜጋው የሳይንስ ልብወለድ አልነበረም። ያንን ፈቃድ ያጡ ስንቶቹ ናቸው በእግራቸው ሞያሌን ተሻግረው ናይሮቢ የገቡት? ዛሬ ኢስሊ ውስጥ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሽማግሎች መካከል ምክር ቤቱ ለአሻ የሰጠውን መልስ በሌላ ድምፅ የሰማ ሰው መፈለግ ብዙ አያደክምም። ካሂዩ ስለ መጪው ዘመን የሠራችው ሥራ ለእንዲህ ያለው ተመልካች ያለፈ ታሪክ ሆኖ ይታየዋል። ፊልሙ ጉልበት የሚያገኘውም ከማሽኖቹ ይልቅ ከዚህ ነው። ማሽኖቹማ ርካሾች ናቸው፤ ገንዘብ ያጠረው ሥራ መሆኑ ከየማዕዘኑ ይታያል።

ርእሱም ለብቻው ሊጤን ይገባዋል። «ፑምዚ» በስዋሂሊ ትንፋሽ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ፑምዚካ» የሚለው ግስ ይወጣል፤ ትርጉሙ ማረፍ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው የደከመውንም ሰው የሞተውንም ሰው በዚሁ ቃል ያሳርፈዋል። የአማርኛው «አረፈ» እንዲሁ ሁለቱንም ይዟል፤ ተጉዞ የመጣው እንግዳም ያርፋል፣ ዕድሜ የጠገበው አዛውንትም ያርፋል። አሻ በበረሃው ላይ ስትተኛ ማረፏ የቱ እንደሆነ ፊልሙ አይናገርም፤ ርእሱ ግን ሁለቱንም አስቀድሞ ይዞት ነበር። የእንግሊዝኛ ተመልካች በግርጌ ጽሑፍ ሊደርስበት የማይችለውን ይህን ነገር የአማርኛ ተመልካች በነጻ ያገኘዋል።

«ማይቱ» ደግሞ የኪኩዩ ቃል ነው፤ እናት ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ በዘሩ ዕቃ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ «የእኛ እውነት» ሲል ይፈታዋል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ፍቺ ይቀበሉት አይቀበሉት ሌላ ነገር ነው፤ በእኛ አገር የቅኔ መምህራን ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ቃልን ሰንጥቆ ወርቅ የማውጣት ጨዋታ እንግዳ አይደለም። ልብ ማለት የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ሕዝቡን ዘግቶ የያዘው ግቢ ስሙ «እናት» ነው። የሚያድነውም ዘር ስሙ «እናት» ነው። አገርን በእናት ስም እየጠሩ ልጆቿን ማሰርን የምታውቀው ኬንያ ብቻ አይደለችም።

ይህ ሁሉ ምስጋና ከተሰጠ በኋላ ግን ፊልሙ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። በ«ፑምዚ» ውስጥ ሰው ከሰው ጋር አይነጋገርም። አሻና አለቆቿ የሚግባቡት በማሽን በኩል ነው፤ አፋቸው ሳይንቀሳቀስ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም እንግሊዝኛ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ በመሆኑ የናይሮቢ አፈር፣ የናይሮቢ ሰማይም የለበትም። ገንዘቡ የተገኘው ከውጭ ነው፤ ቀረጻው ገንዘቡን ተከትሎ ቢሄድ አያስወቅስም። ዝምታውም ቢሆን ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ቃል የታፈነበትን ዓለም ቃል በማሳጣት ማሳየት ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ ያለው ከዝምታው ጋር ተያይዞ በመጣው ብቸኝነት ላይ ነው። አሻ ዘመድ የላትም፤ ጎረቤት የላትም፤ ቡና የምታጣጣት ባልንጀራ የላትም። ዓለምን የምታድነው ብቻዋን ነው፤ የምትሞተውም ብቻዋን ነው።

ይህ እንዲያው የስሜት ቅሬታ እንዳይመስል ከፊልሙ ጀርባ ያለውን እውነተኛ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ካሂዩ «ፑምዚ»ን በሠራችበት በዚያው በ2009 ስለ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ «ፎር አወር ላንድ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ዛፍ የምትተክለው ሴት ከየት እንደመጣች መጠየቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረቱት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የአንዲት ሴት ላብ አልነበረም። የገጠር ሴቶች በቡድን እየሆኑ ዘር ይለቅሙ፣ ችግኝ ያፈሉ፣ ለጸደቀላቸው ለእያንዳንዱ ችግኝ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸው ነበር። የተከፈላቸው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ አሠራር ጀግና አይፈልግም፤ ዕለት ዕለት የሚጠብቅ፣ የሚያጠጣ፣ ፍየል የሚያባርር ሰው ይፈልጋል።

በ1989 መንግሥት በናይሮቢ መሐል በሚገኘው በኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊያቆም ሲነሣ ማታይ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። በፓርላማ ተሰደቡ፤ ከቢሮአቸው ተባረሩ፤ ሕንጻው ግን ሳይሠራ ቀረ። በየካቲት 1992 ደግሞ የፖለቲካ እስረኞች እናቶች በዚያው ፓርክ ልጆቻችን ይፈቱልን ብለው የረሃብ አድማ አደረጉ። ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጋዝ ሲበትናቸው ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን ጥለው ዕርቃናቸውን ቆሙ፤ በባህላቸው የእናት ዕርቃን ለሚያየው ልጅ እርግማን ነውና። ከዚያም ወደ ኦል ሴንትስ ካቴድራል ገብተው አንድ ዓመት ያህል ተቀመጡ። በ1993 መጀመሪያ ገደማ አብዛኞቹ ልጆች ተፈቱ። እነዚህም «ማይቱ» ናቸው፤ በትክክለኛው የቃሉ ትርጉም። በአንድ ጥግ ተቃቅፈው የተቀመጡ፣ ሌሊት በየተራ የሚያንቀላፉ፣ የሚዘምሩና የሚያለቅሱ፣ ብዙ ሆነው ያሸነፉ ሴቶች። የናይሮቢ አማራጭ ዘመን በእርግጥ የተሞከረው እንዲህ ነው። ከእነዚህ ሴቶች ወደ አሻ ሲመጡ አንድ ትልቅ ነገር ጎድሏል፤ እርሱም ማኅበር ነው።

ይህ ጉድለት የካሂዩ ብቻ አይደለም። የሳይንስ ልብወለድ ከሆሊውድ ሲወረስ አንድ ዝግ ከተማ፣ አንድ ጨካኝ ምክር ቤት፣ አንድ አምላጭ ጀግና አብረው ይወረሳሉ። ጠፈርተኛውን አፍሪካዊ ማድረግ ቀላል ነው፤ ከባዱ የታሪኩን አጥንት መለወጥ ነው።

አጥንቱን ከለወጡት መካከል አንጋፋው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ናቸው። በኪኩዩ ቋንቋ «ሙሮጊ ዋ ካጎጎ» ብለው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያሳተሙትና ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ2006 ያወጡት ግዙፍ ልብወለድ የሚፈጸመው አቡሪሪያ በተባለች፣ በካርታ ላይ በሌለች አፍሪካዊት አገር ነው። ገዥዋ ሰማይ የሚደርስ ግንብ ለማቆም ከዓለም አቀፍ ባንክ ገንዘብ ይለምናል። የኡሁሩ ፓርኩን 60 ፎቅ የሚያስታውስ ሰው በዚህ ቦታ ፈገግ ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ከጠንቋዩም ከገዥውም ይልቅ የማይረሳው ግን ሰልፉ ነው። ሥራ ፈላጊዎች ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ለምን እንደተሰለፈ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይቀላቀላል፤ በመጨረሻ ሰልፉ ራሱ መንግሥትን የሚያስደነግጥ ነገር ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ለስኳርና ለዘይት ተሰልፎ የዋለ ሰው ሰልፍ ወሬ፣ ቀልድና ሐሜት እንደሚወልድ ያውቃል። ንጉጊ በግንቦት 2025 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ ምናብ በአፍሪካ ቋንቋ ይነገር ሲሉ የሞገቱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ያ የሰልፍ ሐሜት በኪኩዩ ተቀጣጥሎ በእንግሊዝኛ ጢሱ ብቻ የሚደርስ ሳይሆን አይቀርም።

ከንጉጊ ቀጥሎ የመጡት ወጣቶች በቡድን መሥራትን የሥራቸው መልክ አድርገውታል። በ2013 የተመሠረተው «ጃላዳ» የተባለ የጸሐፍት ስብስብ በጥር 2015 አንድ ሙሉ ዕትሙን ለአፍሪካ መጪ ዘመናት ሰጠ። ከዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ያወጣው የትርጉም ዕትም ግን ምንም የጠፈር መርከብ ሳይኖርበት ከቀደመው ይልቅ ስለ መጪው ዘመን ይናገራል። ንጉጊ በኪኩዩ የጻፉትን አንድ አጭር ተረት ከ30 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች አስተረጎመ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ሄዷል። ተረቱ ሰው በአራት እግሩ ይሄድ በነበረበት ዘመን እጅና እግር ተጣልተው እንዴት እንደተወዳደሩ፣ በኋላም ሥራ ተከፋፍለው ተባብረው ሰው ቀጥ ብሎ እንዴት እንደቆመ ይተርካል። የአፍሪካ ቋንቋዎች በእንግሊዝኛ ዳኝነት ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ቀን ከመመኘት አልፎ ለአንድ ዕትም ያህል መሥራት ይህ ነው።

«ዘ ኔስት» የተባለው የናይሮቢ የከያንያን ስብስብ ደግሞ በጂም ቹቹ አዘጋጅነት በ2017 «ይህ ማስጠንቀቂያ ይሁን» የሚል ትርጉም ያለው የምናባዊ እውነታ ፊልም አቀረበ። ምድርን ትተው በሌላ ፕላኔት የሰፈሩ አፍሪካውያን ያልተጠራ እንግዳ ይመጣባቸዋል። ተመልካቹ መነጽሩን ሲያጠልቅ እንግዳው እርሱ ራሱ ይሆናል። ይከቡታል፤ ይመረምሩታል፤ አያምኑትም። ሥራው የተሠራው ምናልባት ለአውሮፓዊው ተመልካች ትምህርት እንዲሆን ነው፤ ለእርሱ እንግዳ ነገር ነውና። በየጣቢያው ወረቀት ሲጠየቅ የኖረ ስደተኛ ግን መነጽሩን አውልቆ «ይህንማ አውቀዋለሁ» ሊል ይችላል። የሥራው ጥያቄም የሚከብደው ለእርሱ ነው። በሩ በእጃችን ቢሆን እኛስ ምን እናደርግ ነበር? እነዚያ ሰፋሪዎች ማኅበር አላቸው፤ ጠመንጃም አላቸው። ማኅበር መሆን ብቻውን ደግ እንደማያደርግ የሚያሳይ በመሆኑ ከላይ ለተነሣው ቅሬታ ጥሩ መልስ ነው።

ከፊልምና ከድርሰት ወጥቶ ወደ ሥነ ጥበብ ማለፍ የሚሻ ሰው በቁሳቁሱ ይገረማል። በ1984 ናይሮቢ የተወለደው ሳይረስ ካቢሩ ያደገው ከዳንዶራ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ በኮሮጎቾ ነው። ከሽቦ፣ ከጠርሙስ ክዳን፣ ከማንኪያና ከተጣለ ብረት ድንቅ መነጽሮችን ይሠራል። መነጽሮቹ ከሌላ ዘመን የመጡ ይመስላሉ፤ ግን በየመንደሩ ከተጣለ ነገር ውጭ አንዳች የለባቸውም። አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የሚያስታውሰን ኤልያስ ስሜ ነው። እርሱ ደግሞ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ የሚገዛውን የኮምፒውተር ሆድ ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ ከአውሮፕላን የታየች ከተማ የሚመስል ሰፊ ሰሌዳ ያወጣል። የምናለሽ ተራ ነጋዴ ቆርቆሮውንና ሽቦውን የሚመለከትበት ዓይንና የከያኒው ዓይን ብዙም አይራራቁም፤ ሁለቱም የተጣለውን ነገር «ገና ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁታል። ዋንጌቺ ሙቱ፣ በ1972 ናይሮቢ ተወልዳ በኒው ዮርክ የገነነችው፣ በ2019 በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ፊት ለፊት አራት የነሐስ ሴቶችን ስታስቀምጥ ብዙ ተጽፎላታል። ግርማቸው አይካድም። ነገር ግን እንደ አሻ እነርሱም እያንዳንዳቸው በየጎጆአቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

የከያንያኑ ምናብ የሚወዳደረው እርስ በርሱ ብቻ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። ኬንያ ውስጥ ስለ መጪው ዘመን በብዛት የሚያልመው መንግሥት ነው። «ቪዥን 2030» የተባለው ዕቅድ በ2008 ይፋ ሆነ። በጥር 2013 ከናይሮቢ ደቡብ ምሥራቅ፣ በ5,000 ኤከር መሬት ላይ ለኮንዛ የቴክኖሎጂ ከተማ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። እንዲህ ላሉ ከተሞች የሚዘጋጁት ሥዕሎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መስተዋት፣ ሣር፣ ብርሃን፣ በሩቁ የሚራመዱ ጥላ የሌላቸው ሰዎች። እነዚህም በደንቡ መሠረት የሳይንስ ልብወለድ ናቸው። ልዩነቱ በጀት ያላቸው መሆኑ ነው። ሸንኮራ የሚሸጠው ልጅ በሥዕሉ ውስጥ የት እንደገባ የሚጠይቅ ተቺ ግን የላቸውም።

በ2020 የናይሮቢ ፈጣን መንገድ ሲሠራ በዌስትላንድስ፣ በዋያኪ ዌይ ዳር የቆመ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሾላ ዛፍ ሊቆረጥ ተወሰነ። ሙጉሞ ይሉታል፤ በኪኩዩ ዘንድ እንደ እኛ አድባር የሚከበር ነው። የከተማዋ ሰዎች ጮኹ፤ በኅዳር ወር ዛፉ እንዳይነካ ከፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ ወጣ። በዚያው መንገድ ሥራ ሌሎች ብዙ ዛፎች ሲወድቁ ስማቸውን ያነሣ ጥቂት ነው። ዛሬ 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መንገድ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሙጉሞውም በሥፍራው ተርፏል። «ፑምዚ» በዚያ ሰሞን ከወጡት ዜናዎች ሁሉ ይህን አስቀድሞ አይቶት ነበር ማለት ማጋነን ነው። አንድ ነገር ግን በትክክል አይቷል፤ ዛፍ በሕይወት ለመኖር ፈቃድ የሚያስፈልገው ዘመን እንደሚመጣ።

ፈቃድ የሚለው ነገር ለራሷ ለካሂዩም አልቀረላትም። በ2018 የሠራችው «ራፊኪ» የሁለት ወጣት ሴቶችን ፍቅር የሚተርክ በመሆኑ የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ እንዳይታይ አገደው። ዳይሬክተሯ በይፋ እንደተናገረችው ቦርዱ የፊልሙ መጨረሻ ተስፋ የተሞላበት በመሆኑ እንዲለወጥ ጠይቆ ነበር። በመስከረም ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን አነሣ። በፊልሙ ጉዳይ ላይ አንባቢ የየራሱን አቋም ሊይዝ ይችላል፤ አቋሙ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አንድ ታሪክ ፍጻሜ «ተስፋው በዛ» ብሎ መጨነቁ ክኒን የምታስውጠውን ማሽን ሳያስታውስ አያልፍም።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ነገሩ ይቀዘቅዛል። ሆኖም ባዶ ነው ማለት ኃጢአት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» በስሙም በግብሩም ያልመጣ ዘመንን የሚመኝ ልብወለድ ነው። ፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከወገኖቹ ጋር በተዝካርና በሠርግ ልማድ ይጋጫል። መጨረሻው ግን ሽሽት አይደለም፤ ካህናት ተሰብስበው ይመክራሉ። የዛሬ አንባቢ ጉባኤውን አሰልቺ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ለውጥን በምክር፣ በብዙ ሰው አፍ ማሰብ ከአንድ ጀግና ሩጫ የሚከብድ ጥበብ ነው፤ የአማርኛ ልብወለድ ገና በልጅነቱ ያንን ደፍሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዘር ፍሬ የታየው ባልተጠበቀ በኩል ነው። በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ሊያንሶ በኢትዮጵያ ምድር፣ በአማርኛ ንግግር፣ በዳንኤል ታደሰና በሰላም ተስፋዬ ተዋናይነት «ክራምብስ» የተሰኘ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ የሚሆን ፊልም ሠራ። አስቂኝና ውብ ሥራ ነው። አማርኛው ግን እንደ ዳሎል መልክዐ ምድር ሁሉ ለዓይን እንግዳ እንዲሆን ተብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሰዎቹ ይናገራሉ እንጂ እርስ በርስ አይጫወቱም።

«ፑምዚ»ን ከአማርኛ ግርጌ ጽሑፍ ጋር ለማሳየት የሚነሣ ሰው ቢኖር የመጀመሪያው ፈተናው ጊዜ ይሆናል። ስዋሂሊ ለመጪው ጊዜ የራሱ ምልክት አለው፤ በግሱ መሐል «ታ» ትገባና ነገሩ ወደ ፊት ይሄዳል። የአማርኛው «ይጠጣሉ» ግን ዛሬም ነገም ነው። «ሰዎች ላባቸውን አጣርተው ይጠጣሉ» ተብሎ ሲጻፍ ትንቢት ይሁን ዜና አይለይም። ለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ ግስ አይገኝም።

ሁለተኛው ፈተና አጠራር ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ መምረጥ አለበት። ማሽኑ አሻን «መድኃኒትሽን ዋጪ» ይላታል ወይስ «መድኃኒትዎን ይዋጡ»? ምክር ቤቱስ? የቢሮ አማርኛ ያንን ቦታ ያለ ችግር ይይዘዋል፤ «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይበቃል፤ ማክበር የሚመስል ግን በር የሚዘጋ። የሚያስቸግረው የመጸዳጃ ቤት ሠራተኛዋ ናት። በዚያ ግቢ ውስጥ ለሌላ ሰው ብላ አንድ ነገር የምታደርግ እርሷ ብቻ ናት። አሻ ካመለጠች በኋላ ምን እንደደረሰባት ፊልሙ ተመልሶ አይጠይቅም። ሁለቱ ሴቶች በዓይን ብቻ ይግባባሉ፤ በመካከላቸው የሚተረጎም ቃል የለም። ቢኖር ኖሮ የአማርኛው ተርጓሚ «አንቺ» እና «እርስዎ» ከሚለው ይልቅ «እኅቴ» ብሎ ይጽፍ ነበር።